የቅጠል አክሊል በምርቃት ቀን፦ ሎሬል ከዴልፊ እስከ ፓዶቫ

ጣሊያን አገር የተማረ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ፎቶግራፍ ሳያይ አልቀረም። ተመራቂዋ ጥቁር ጋውን አልለበሰችም፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ኮፍያም የለም። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ቀይ ሪባን የታሰረበት አረንጓዴ የቅጠል አክሊል በራሷ ላይ ደፍታ ትስቃለች። ፎቶግራፉ አገር ቤት ሲደርስ ከ«እንኳን ደስ ያለሽ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ቅጠል ምንድን ነው? ኮፍያውስ የት ሄደ?

ጥያቄው ሙሉ መልስ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አጭር መልስ «ሎሬል የድል ምልክት ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይዘለዋል። ድል አድርጎ የተመለሰ የጦር አዛዥ ይደፋው የነበረ አክሊል ፈተና ያለፈ ተማሪ ራስ ላይ እንዴት ሊወጣ ቻለ? ከወታደር ወደ ተማሪ በቀጥታ አልተሻገረም። በመካከሉ ገጣሚ አለ። ገጣሚውን ሳናውቅ የምርቃቱን አክሊል ትርጉም አናገኘውም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዛፉ እንነሣ። ሎሬል በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅል፣ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማያረግፍ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ጠንካራ፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን በጣት ሲታሽ መዓዛው ያውዳል። በሱፐርማርኬት በትንንሽ ከረጢት ደርቆ የሚሸጠው፣ ሾርባና የሥጋ ወጥ ውስጥ ተጨምሮ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት የሚወጣው ቅጠል ይኸው ነው። ብዙ ሰው ከወይራ ጋር ያምታታዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ ቀነኒሳ በቀለ በ10 ሺህ ሜትር፣ መሠረት ደፋር ደግሞ በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያጠልቁ ራሳቸው ላይ የተደፋው የወይራ አክሊል ነበር። ግሪኮች ይህን የመረጡት በምክንያት ነው፤ የጥንቱ የኦሊምፒያ ውድድር ሽልማት የዱር ወይራ ነበርና። በጥንቷ ግሪክ አራት ታላላቅ የውድድር በዓላት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቅጠል ነበራቸው። ኦሊምፒያ ወይራ፣ ነሜያ የዱር ሰለሪ፣ በቆሮንቶስ አጠገብ የሚደረገው ውድድር ጥድ፣ ዴልፊ ደግሞ ሎሬል።

ለአሸናፊ ገንዘብ ሳይሆን ቅጠል መስጠት ያን ጊዜም የሚያስገርም ነገር ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ስለተደረገው የፋርስ ወረራ ሲጽፍ አንድ ነገር ያነሣል። ፋርሶች ከግሪክ ወገን ከድተው የመጡ ጥቂት ሰዎችን «ግሪኮች አሁን ምን እያደረጉ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «የኦሊምፒያን በዓል እያከበሩ፣ ውድድር እየተመለከቱ ነው» ይሏቸዋል። «ሽልማቱ ምንድን ነው?» ሲሉ «የወይራ አክሊል» የሚል መልስ ያገኛሉ። ከፋርስ መኳንንት አንዱ ይህን ሲሰማ ዝም ማለት አልቻለም፤ ለገንዘብ ሳይሆን ለክብር ብለው ከሚወዳደሩ ሰዎች ጋር ነው ወይ እንድንዋጋ ያመጣኸን ብሎ የጦር አዛዡን ተናገረው። ንጉሡ ግን የፈሪ ንግግር አድርጎ ቆጠረበት። የቅጠሉ ዋጋ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል። በሳምንት ውስጥ የሚጠወልግ፣ ተሸጦ አንድ እንጀራ የማይገዛ ነገር ነው። ዋጋ የሚያገኘው ሕዝብ ፊት፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ለሠራኸው ሥራ ሲሰጥህ ብቻ ነው።

አረንጓዴ ነገር ራስ ላይ ማሰር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሆሳዕና የዘንባባ ዝንጣፊ፣ በቀዳም ሹር ደግሞ ቀጤማ ግንባራችን ላይ ስናስር የምሥራች እንደምናውጅ ሁሉ፣ በእነዚያ አገሮችም እርጥብ ቅጠል ራስ ላይ ሲታይ «ደስ የሚል ነገር ሆኗል» ማለት ነበር።

አሁን ወደ ዴልፊ። ዴልፊ የአፖሎ መቅደስ የነበረበት ተራራማ ስፍራ ነው፤ አፖሎ በግሪኮች እምነት የዜማ፣ የግጥም፣ የትንቢትና የሕክምና አምላክ ነው። ሎሬል ለምን የእሱ ዛፍ እንደሆነ የሚናገረውን አፈ ታሪክ በሰፊው ያሰራጨው ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ነው። አፖሎ ዳፍኔ የምትባል ልጃገረድ ይወዳል፤ እሷ ግን አትፈልገውም። ሮጣ ልታመልጠው ትሞክራለች። ሊይዛት ሲል አባቷን፣ የፔኔዮስን ወንዝ አምላክ፣ አድነኝ ብላ ትለምነዋለች። ወዲያው እግሯ ሥር ይሆናል፤ ደረቷን ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ ጸጉሯ ቅጠል፣ ክንዷ ቅርንጫፍ ይሆናል። አፖሎም ሚስቴ ልትሆኚ ካልቻልሽ ዛፌ ትሆኛለሽ ብሎ ቅጠሏን ለራሱ አክሊል አደረገ። ታሪኩን ብዙዎች የፍቅር ታሪክ አድርገው ያወሩታል። እኔ እንደማነበው ግን ያልፈለገችውን ሰው ሸሽታ መንገድ ያጣች ሴት ታሪክ ነው። የአክሊሉ መነሻ አፈ ታሪክ ውስጥ ከክብር ጋር ኀዘን አብሮ መኖሩን መደበቅ አያስፈልግም።

የዴልፊ ውድድር በየአራት ዓመቱ ይካሄድ ነበር። ለአሸናፊዎች የሚሆነውን ሎሬል ሰሜን ግሪክ ካለው የቴምፔ ሸለቆ ቆርጦ የሚያመጣው እናትና አባቱ በሕይወት ያሉለት ልጅ መሆን ነበረበት። በዚያ ሸለቆ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ የዳፍኔ አባት የተባለው ያ ፔኔዮስ ነው። ለእኛ ርእስ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የዴልፊ ውድድር ሲጀመር ሩጫም ትግልም አልነበረበትም። በክራር መሰል መሣሪያ ታጅቦ ለአፖሎ መዝሙር ማቅረብ ነበር ውድድሩ፤ የሩጫውና የፈረሱ ነገር በኋላ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ሎሬል ከጥንት ጀምሮ የጉልበት ብቻ ሳይሆን የቃልና የዜማ ሽልማት ነበር። ከሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የጣሊያን ሊቃውንት ይህን ቅጠል ለገጣሚ ሲመርጡ የዘነጉትን ነገር ማስታወሳቸው ነበር።

ሮማውያን ሎሬልን ወደ ጦርነት ወሰዱት። ድል ያደረገ አዛዥ በሠረገላ ሆኖ ሮም ሲገባ የሎሬል አክሊል ይደፋል፤ ወታደሮቹም ሎሬል ይዘው ይከተሉታል፤ ድልን የሚያበሥር ደብዳቤ ሳይቀር በሎሬል ቅጠል ይጠቀለል ነበር። ከጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ ወታደሩ ካፈሰሰው ደም እንዲነጻ ነው ይላሉ። ዩሊየስ ቄሣር ከተሰጡት ክብሮች ሁሉ ሎሬል ዘወትር የመድፋት መብቱን ይበልጥ ይወድ እንደነበር፣ ይህም መላጣውን ስለሚሸፍንለት እንደሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ስዌቶኒየስ ይነግረናል። ይኸው ጸሐፊ ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ መብረቅ ስለሚፈራ ሰማይ ሲያጉረመርም ሎሬል ይደፋ ነበር ይላል፤ ሎሬልን መብረቅ አይመታውም የሚል እምነት ነበርና። ቀስ በቀስ አክሊሉ የነገሥታቱ የግል ንብረት ሆነ። በገንዘብ ላይ የምናየው የሮም ቄሣሮች ምስል ራሱን በሎሬል የከበበው ለዚህ ነው።

ክርስቲያኖች ይህን አክሊል በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የሚወዳደሩት የሚጠፋውን አክሊል ለማግኘት እንደሚደክሙ፣ ክርስቲያኖች ግን የማይጠፋውን እንደሚሹ አስታውሷቸዋል። ለጻፈላቸው ሰዎች ነገሩ ሩቅ ምሳሌ አልነበረም፤ የጥዱ አክሊል የሚሰጥበት ሜዳ ከከተማቸው አጠገብ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የሰሜን አፍሪካው ጸሐፊ ተርቱሊያን ስለ አንድ ክርስቲያን ወታደር ጽፏል። ጓደኞቹ ሁሉ ሎሬል ደፍተው ከንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ሊቀበሉ ሲሰለፉ እሱ አክሊሉን በእጁ ይዞ ባዶ ራሱን ቀረበ፤ ለዚህም ታሰረ። አረማዊው የሮም መንግሥት ሲያልፍ አክሊሉም ከአደባባይ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፋ።

የተመለሰው በጣሊያን ነው፤ ያስመለሱትም መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። በ1315 የፓዶቫ ከተማ ሰዎችና የዩኒቨርሲቲው መምህራን አልበርቲኖ ሙሳቶ የተባለ ሕግ አዋቂ፣ የታሪክ ጸሐፊና ገጣሚ በአደባባይ አክሊል ደፉለት። ከተማውን ያስጨነቀውን የቀድሞ አምባገነን ታሪክ በላቲን ትራጄዲ አድርጎ ስለጻፈ ነበር። ዩኒቨርሲቲና ሎሬል በአንድ ሥነ ሥርዓት ሲገናኙ በግልጽ የምናየው እዚህ ላይ ነው። ፓዶቫን ልብ እንበላት፤ ተመልሰን እንመጣባታለን።

በዚያው ዘመን ታላቁ ጣሊያናዊ ገጣሚ ዳንቴ ነበር። ከትውልድ ከተማው ከፍሎሬንስ በ1302 ተሰዶ የወጣው ዳንቴ፣ ቦሎኛ መጥተህ አክሊል ድፋ ተብሎ ሲጋበዝ እሺ አላለም። በታላቁ ግጥሙ መጨረሻ ክፍል ላይ አንድ ቀን ወደ ፍሎሬንስ ተመልሶ፣ ክርስትና በተነሣበት መጠመቂያ አጠገብ አክሊሉን እንደሚቀበል ተስፋውን ጽፏል። አልሆነለትም። በ1321 ራቬና ውስጥ በስደት ሞተ። ዛሬ ሥዕሉ ሁሉ ሎሬል ደፍቶ ያሳየዋል፤ በሕይወቱ ግን አልደፋውም። አክሊሉን ከሰጪው ለይቶ አለማየቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቅጠሉን ቦሎኛም ያገኘው ነበር፤ እሱ የፈለገው ያባረረችው ከተማ እንድትሰጠው ነው።

ከዳንቴ በኋላ የመጣው ጣሊያናዊ ገጣሚ ፔትራርካ ዕድለኛ ነበር፤ ዕድሉንም በብርቱ የፈለገ ሰው ነው። መስከረም 1 ቀን 1340 በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ደረሰው፤ አንዱ ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ከሮም ምክር ቤት። ሁለቱም ና አክሊል እንድፋልህ የሚሉ ናቸው። ሮምን መረጠ። ነገር ግን ግብዣው ብቻ አልበቃውም፤ ለክብሩ የሚገባ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ሰው ይኑር ብሎ ወደ ኔፕልስ ሄዶ በንጉሥ ሮቤርቶ ፊት ሦስት ቀን ተፈተነ። ንጉሡ በመልሱ ረክቶ የራሱን ካባ አውልቆ ሰጠው። ሚያዝያ 8 ቀን 1341፣ በፋሲካ ዕለት፣ የ36 ዓመቱ ፔትራርካ ያንን ካባ ለብሶ ሮም ካፒቶሊን ኮረብታ ላይ ወጣ። ንግግሩን በጥንቱ ሮማዊ ገጣሚ በቨርጂል ስንኝ ጀምሮ ስለ ገጣሚ ሥራ አስረዳ፤ ስለ ሎሬልም መዓዛውን፣ ጥላውን፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ መሆኑን፣ መብረቅ የማይነካው መሆኑን አንድ በአንድ አነሣ። ከሮም ሹማምንት አንዱ አክሊሉን ደፋለት። ከዚያ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አክሊሉን መሠዊያው ላይ አኖረው።

ይህን ቀን ከአንድ ገጣሚ ክብር በላይ የሚያደርገው አብሮ የተሰጠው ወረቀት ነው። ሰነዱ ፔትራርካን ታላቅ ገጣሚና የታሪክ ጸሐፊ ብሎ ከሰየመ በኋላ መምህር መሆኑን ያጸድቃል፤ የማስተማርና የመከራከር ፈቃድ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያላቸውን መብት ሁሉ ይሰጠዋል። ባጭሩ ዲግሪ ነው። ፈተና አለ፤ የሚመሰክር ፈታኝ አለ፤ ልብስ አለ፤ ንግግር አለ፤ ወረቀት አለ፤ አክሊል አለ። የዛሬ ተመራቂ የሚያልፍበት ነገር ሁሉ በዚያ ኮረብታ ላይ ተሟልቶ ነበር። ፔትራርካ በእርጅናው ስለዚያ አክሊል ሲጽፍ ዕውቀት አልጨመረልኝም፣ ቅናት ግን አተረፈልኝ የሚል ነገር ብሏል። ያም ሆኖ መንገዱ ተከፍቷል። ከእሱ በኋላ የጀርመን ነገሥታት በየጊዜው ገጣሚዎችን በሎሬል ይሾሙ ጀመር፤ በ1487 ኮንራድ ጼልቲስ ኑርምበርግ ላይ የተሾመው እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገርም ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በሰዋስውና በንግግር ጥበብ ለላቀ ሰው የሎሬል ማዕርግ ይሰጡ ነበር፤ ገጣሚው ጆን ስኬልተን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሁለቱም አግኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ያስፈልጋል። «በመካከለኛው ዘመን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሁሉ ሎሬል ይደፋ ነበር» ሲባል እንሰማለን። እንዲህ አልነበረም። የመካከለኛው ዘመን ዶክተር በሥነ ሥርዓቱ የሚቀበላቸው ምልክቶች በዋናነት መጽሐፍ፣ ቀለበትና ቆብ ነበሩ። መጽሐፉ ለማስተማር ሥልጣኑ፣ ቀለበቱ ከዕውቀት ጋር ለመተሳሰሩ፣ ቆቡ ለመምህርነቱ ምልክት ነው። ዛሬ እኛ ዘንድ የምናውቀው አራት ማዕዘን ኮፍያ የዚህ የቤተ ክህነት ቆብ ዘር ነው። ሎሬል ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የገባው ገጣሚውን ተከትሎ፣ ዘግይቶ ነው።

ሲገባ ካየናቸው ራሶች ሁሉ የሚደነቀው የአንዲት ሴት ራስ ነው። ኤሌና ኮርናሮ ፒስኮፒያ በ1646 ቬኒስ ውስጥ ከከበረ ቤት ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥና ሌሎች ቋንቋዎችን ተማረች፤ ፍልስፍናና ሥነ መለኮት አጠናች። በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ዶክትሬት እንድትፈተን ጥያቄ ቀረበላት። የከተማው ጳጳስና የዩኒቨርሲቲው የበላይ ግሬጎሪዮ ባርባሪጎ ሴት ሥነ መለኮት ልታስተምር አይገባም ብሎ ከለከለ። ከብዙ ክርክር በኋላ በፍልስፍና እንድትፈተን ተፈቀደ።

ፈተናው ሰኔ 25 ቀን 1678 ተደረገ። የሚመጣው ሕዝብ ስለበዛ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ አይበቃም ተብሎ ወደ ካቴድራሉ ተዛወረ። ከአርስቶትል ሥራዎች በዕጣ የወጡ ሁለት ምንባቦች ተሰጧት። ለአንድ ሰዓት ያህል በላቲን አብራራች፤ ለጥያቄዎችም መልስ ሰጠች። ፈታኞቹ እንደ ደንቡ ድምፅ በምስጢር መስጠት ሲገባቸው በአንድ ድምፅ በአደባባይ አጸደቁላት። መጽሐፉን ሰጧት፤ ቀለበቱን ጣቷ ላይ አደረጉላት፤ የመምህራንን ባለ ጸጉር ካባ ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፤ የሎሬሉን አክሊል ደፉላት። በዓለም በዩኒቨርሲቲ ዶክተር የተባለች የመጀመሪያዋ ሴት በመሆን የምትታወቀው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲው ግን በሩን መልሶ ዘጋ፤ ፓዶቫ ለብዙ ዘመን ሌላ ሴት አላስመረቀችም። ኤሌና በ1684 በ38 ዓመቷ አረፈች። ሐውልቷ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ጥንታዊ ሕንፃ ደረጃ አጠገብ ቆሟል።

በ1732 ቦሎኛ ውስጥ ላውራ ባሲ በ20 ዓመቷ በፍልስፍና ዶክተር ስትሆን ካባውንና ቀለበቱን ብቻ ሳይሆን ከብር የተሠራ የሎሬል አክሊል ተቀበለች፤ በኋላም ፊዚክስ አስተማረች። በፊንላንድ ኤማ ኢሬን ኦስትረም በ1882 በማስተርስ ስትመረቅ በአገሯ የሎሬል አክሊል የደፋች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የጽሑፉ መነሻ ዳፍኔ ነበረች፤ ቅጠሉን ያለ ፈቃዷ የሰጠች። እነዚህ ሦስት ሴቶች ደግሞ ቅጠሉን በዕውቀታቸው የተቀበሉ ናቸው። የዚህን አክሊል ታሪክ ሳነብ ከቄሣሮቹ ይልቅ እነሱ ላይ መቆየት ደስ ይለኛል።

ጣሊያኖች እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪን «ላውሬያ» ይሉታል፤ ስሙ በቀጥታ ከዛፉ የመጣ ነው። እኛ ዘንድም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተጠሩበት ማዕርግ፣ የኖቤል ተሸላሚ የሚጠራበትም ሎሬት፣ ከዚሁ ሥር የወጣ ሲሆን ሎሬል የደፋ ሰው ማለት ነው።

የሰሜን አውሮፓ ነገር ለብቻው ሊወሳ ይገባል፤ አክሊሉን ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው በተለይ በዚያ ነውና። በስዊድን ኡፕሳላና ሉንድ አዲስ የፍልስፍና ፋኩልቲ ዶክተሮች ሎሬል ሲደፉ መድፍ ይተኮሳል፤ የሕክምናው፣ የሕጉና የሥነ መለኮቱ ዶክተሮች ግን ቆብ ይቀበላሉ። በፊንላንድ ሥርዓቱ በ1643 ቱርኩ ከተማ ተጀመረ። የማስተርስ ተመራቂ ሎሬል፣ ዶክተር ቆብና ሰይፍ ይቀበላል። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት በነበረው ቀን የአክሊል መታሰሪያ በዓል አለ፤ ቅጠሉን በክር እየደረደሩ የሚያስሩት የተመራቂዎቹ አጋሮች ናቸው፤ ሥራውንም የሚመራ በይፋ የተሰየመ የአክሊል አሳሪ አለ። ደስ የሚለኝ ግን ይህ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተጠርተው በአዲስ ተመራቂዎች መካከል አክሊሉን እንደገና ይቀበላሉ።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ደግሞ የማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ተመራቂዎች ነጭ ለብሰው ረጅም የቅጠል ሰንሰለት በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መሥራቿ ሜሪ ላዮን መቃብር ይሄዳሉ። ቅጠሉ «የተራራ ሎሬል» ቢባልም ከሜድትራንያኑ ዛፍ ጋር ዝምድና የለውም፤ መርዝም ስላለው ወጥ ውስጥ አይገባም።

እኛ ለምን ኮፍያውን ወረስን? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት አስተዳደሩ በካናዳ ኢየሱሳውያን እጅ ነበር፤ ዘመናዊው የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓታችን የተቀረጸው በእንግሊዝና በሰሜን አሜሪካ ልማድ ነው። እነሱ ቆቡን ይዘው ቀሩ፤ ጣሊያን ቅጠሉን መለሰ። ሁለቱም ከአንድ አዳራሽ የወጡ ናቸው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ተመራቂ። ጣሊያን ውስጥ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በመምህራን ፊት ያቀርባል፤ ቤተሰብና ጓደኛ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። መምህራኑ ለብቻቸው ተመካክረው ሲመለሱ ሁሉም ይቆማል፤ ሰብሳቢው በዩኒቨርሲቲው ስም ዶክተር ብሎ ይሰይመዋል፤ ውጤቱንም ከ110 ይነግረዋል። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያገኘም ዶክተር ይባላል። አክሊሉ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው አይደለም። ከአበባ ሻጭ ገዝቶ፣ ደጅ ላይ ጠብቆ የሚደፋው እናት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ነው። ሪባኑ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው፤ በአንዳንድ ከተሞች ለሕግ ሰማያዊ፣ ለሥነ ጽሑፍ ነጭ እያሉ በትምህርቱ ዓይነት ይለዩታል። የሮም ምክር ቤት ለፔትራርካ ያደረገውን ዛሬ እናት ለልጇ ታደርገዋለች፤ ክብሩ በዚህ ቀነሰ ብዬ አላምንም።

በፓዶቫ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ጓደኞቹ የተመራቂውን ካርቱንና ከልደት እስከ ምርቃት ያለውን ታሪኩን በግጥም ጽፈው ትልቅ ወረቀት ላይ ያትሙና ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ተመራቂው አክሊሉን እንደደፋ መንገድ ላይ ቆሞ ግጥሙን ጮክ ብሎ ያነባል፤ በተሳሳተ ቁጥር ያስጠጡታል፤ በየመሃሉም ዶክተር፣ ዶክተር እያሉ ይዘፍኑለታል። በ1315 ለገጣሚ አክሊል በደፋችው ከተማ ሎሬል የደፋ ሰው ዛሬም ግጥም ሳያነብ ወደ ቤቱ አይሄድም።

በእንዲህ ዓይነት ምርቃት ላይ ልትገኙ የምትችሉ ካላችሁ አክሊሉን ቀደም ብላችሁ ከአበባ ሻጭ እዘዙ፤ በምርቃት ወራት ቶሎ ያልቃል። ሪባኑ ምን ዓይነት ቀለም መሆን እንዳለበት ተማሪውን ጠይቁ። ወደ አዳራሹ ስትገቡም ከከረጢቱ አታውጡት፤ ሰብሳቢው ስሙን ጠርቶ እስኪሰይመው ድረስ በማንም ተማሪ ራስ ላይ አይቀመጥም።